የአንባቢያን ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ አንዱን ቫሊዴተር በሁለት ኮምፒውተር ማሠራት ይቻላል?

ጥያቄ

የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ሲሆን ሙያዬ ሒሳብ ነው። ውጭ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለእረፍት መጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ በኢቴሪየም ብሎክቼይን (የዲጂታል ገንዘብ ዝውውር በሰንሰለት በሚመዘገብበት የጋራ መረብ) ላይ የሚሠራ ቫሊዴተር፣ ማለትም የመዝገቡን ትክክለኛነት የሚመሰክር ፕሮግራም፣ በአንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አዘጋጅቶ ቤቴ ትቶልኝ ሄዷል። ፕሮግራሙ ላይትሃውስ ይባላል። ኮምፒውተሯ ስክሪን ስለሌላት ከላፕቶፔ በኤስኤስኤች እየገባሁ፣ ወንድሜ በወረቀት የጻፈልኝን «ስታርት»፣ «ስቶፕ» እና «ስታተስ» የሚሉ ትእዛዞች በተርሚናል እተይባለሁ። ችግሬ መብራት ነው። በጠፋ ቁጥር ወንድሜ ገንዘብ እየተቀጣ ስለሚመስለኝ እጨነቃለሁ። ቫሊዴተሩ የሚፈርምባቸውን ቁልፎች ወደ ላፕቶፔም ገልብጬ፣ አንዱ ሲቆም ሌላው እንዲቀጥል ሁለቱንም ብከፍታቸው ምን ችግር አለው? በተጨማሪም በአደራ የሰጠኝን፣ ቁልፎቹ ቢጠፉ የሚመለሱባቸውን 24 ቃላት እንዳይጠፉብኝ በስልኬ ፎቶ ባነሣቸውስ?

መልስ

ሁለቱንም አይክፈቱ። ቁልፎቹን አስቀድመው ወደ ላፕቶፑ ገልብጠው ከሆነ፣ የቀረውን ከማንበብዎ በፊት ከዚያ ያጥፏቸው።

ኢቴሪየም ከመስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጸናው፣ እንደ ቀድሞው ብዙ ኤሌክትሪክ በሚበሉ ማሽኖች ስሌት ሳይሆን፣ ቢያንስ 32 ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) መያዣ ባስያዙ ቫሊዴተሮች ምስክርነት ነው። እያንዳንዱ ቫሊዴተር በ6 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ አንድ ጊዜ፣ ትክክለኛው ሰንሰለት የትኛው እንደ ሆነ በቁልፉ ፈርሞ ይመሰክራል። መብራት ጠፍቶ ሳይመሰክር ቢቀር የሚቀነስበት፣ ቢመሰክር ኖሮ ያገኘው ከነበረው ጋር የሚቀራረብ ጥቂት ገንዘብ ነው፤ አምስት ሰዓት ቢጠፋ፣ በተመለሰ በአምስት ሰዓት ግድም ውስጥ ያጣውን ያካክሳል። ቅጣቱ የሚከብደው ከመላው ዓለም ቫሊዴተሮች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በአንድ ጊዜ ሲጠፉ ነው፤ የከዚራ መብራት ብቻውን ለዚያ አያበቃም።

አንድ ቁልፍ በሁለት ኮምፒውተር ሲሠራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሁለቱ ማሽኖች መረቡን በጥቂት ሴኮንድ ልዩነት ስለሚያዩት፣ በአንድ ስም ሁለት የሚጋጩ ምስክርነቶች ሊፈርሙ ይችላሉ፤ መረቡም የእርስዎን ቅን ሐሳብ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል። ስላሺንግ የሚባለው ይህ ነው፦ ከመያዣው ይቆረጣል፣ ቫሊዴተሩ በግዳጅ ይሰናበታል፣ ቀሪው ገንዘብ ደግሞ ቢያንስ 36 ቀን ያህል ተይዞ ይቆያል። በእቁብ ብንመስለው፣ ከስብሰባ የቀረ አባል መቀጫውን ከፍሎ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል፤ በአንድ ስም ሁለት ዕጣ ሲጥል የተያዘ ግን ከእቁቡ ይወጣል።

እርስዎ ያላነሡት፣ እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ከዚሁ መብራት የሚመጣ ነው። ትንሿ ኮምፒውተር አንድ ቀን ብትታመምና ቫሊዴተሩን በእርግጥ ወደ ሌላ ማሽን ማዛወር ቢያስፈልግ፣ በወረቀትዎ ላይ ያለው «ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ» የሚለው ትእዛዝ አይበቃም። ይህ ትእዛዝ ፕሮግራሙን የሚያቆመው ለጊዜው ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮች መብራት ሲመጣ ራሳቸው እንዲነሡ ተደርገው ስለሚዘጋጁ፣ ሌሊት ጠፍቶ የነበረው መብራት ጎሕ ሲቀድ ቢመለስ፣ እርስዎ ተኝተው ሳሉ አሮጌዋ ማሽን ትነሣለች፣ ቫሊዴተሩን ታስነሣለች፣ በአዲሱ ማሽን ላይ በሚሠራው በዚያው ቁልፍም መፈረም ትጀምራለች። ስለዚህ ከ«ስቶፕ» ቀጥሎ «ሲስተምሲቲኤል ዲሴብል» ብለው ፕሮግራሙ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ እንዳይነሣ ይከልክሉት። ከዚያም በላይትሃውስ «ስላሺንግ ፕሮቴክሽን ኤክስፖርት» በሚለው ትእዛዝ ቫሊዴተሩ እስካሁን የፈረመውን መዝገብ ያውጡ፤ መዝገቡን ከቁልፎቹ ጋር ወደ አዲሱ ማሽን ከወሰዱ በኋላ ቁልፎቹን ከአሮጌዋ ይደምስሱ። በአዲሱ ላይ መዝገቡን በ«ኢምፖርት» ያስገቡና ሩብ ሰዓት ያህል ታግሠው ያስነሡት። ሲያስነሡት የዶፔልጋንገር መከላከያውን ቢያበሩ ደግ ነው፤ ፕሮግራሙ ከመፈረሙ በፊት ለጥቂት ደቂቃዎች መረቡን እያዳመጠ፣ በዚያው ቁልፍ የሚፈርም ሌላ ማሽን ካገኘ ራሱ ያቆማል። ይህን ሁሉ ወንድምዎ በስልክ እያሉ ቢያደርጉት እመርጣለሁ።

ላፕቶፑን በተመለከተ፣ የሰንሰለቱን መዝገብ ለመያዝ 2 ቴራባይት ያህል ፈጣን ማከማቻ (ኤስኤስዲ) ስለሚያስፈልግ፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት ከፍተውት ወዲያው ይሠራልኛል ማለት አይቻልም። ያንኑ ገንዘብ ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለሚያቆይ መሣሪያ) ያውሉት፤ ራውተሩንም ከዚያው ላይ ይሰኩት፣ ኢንተርኔት የሌለው ቫሊዴተር መብራት ቢኖረውም አይመሰክርምና። የድሬዳዋ ሙቀትም ስላለ፣ ኮምፒውተሯን ከተዘጋ ቁም ሣጥን አውጥተው ነፋስ በሚያገኛት ቦታ ያኑሯት።

መብራት ሲመለስ በመጀመሪያ «ታይምዴትሲቲኤል» ብለው የኮምፒውተሯ ሰዓት ከኢንተርኔት ጋር መስተካከሉን ይመልከቱ። የመረቡ አንድ ዙር 12 ሴኮንድ ብቻ ስለሆነ ጥቂት የተዛባ ሰዓት እንኳ ምስክርነቱን ያበላሻል፤ በእኛ አቆጣጠር እንዲነበብ ብለው ሰዓቱን በእጅ እንዳይነኩት። ፕሮግራሙ የሚሠራውን የሚጽፍበት መዝገብ (ሎግ) በግሪንዊች ሰዓት የሚጻፍ ከሆነ ከቁጥሩ 3 ይቀንሱ፦ 9 ሰዓት ያለው በእኛ 6 ሰዓት፣ እኩለ ቀን ነው። ከዚያ በ«ጆርናልሲቲኤል» የቫሊዴተሩን መዝገብ ይከታተሉ። ኖዱ (የሰንሰለቱን መዝገብ የሚይዘው ፕሮግራም) ያመለጠውን እስኪያሟላ ማስጠንቀቂያ መደርደሩ አይቀርም፤ በዚያ ሰዓት ደጋግሞ ማጥፋትና ማስነሣት ነገሩን ከማዘግየት በቀር አይጠቅምም።

ፎቶውን ግን ይተዉት። ስልክዎ ሥዕሎችን ሳይጠይቅ ወደ ኢንተርኔት ሊልክ ይችላል፤ ከ24ቱ ቃላት ደግሞ የመፈረሚያው ብቻ ሳይሆን የገንዘቡ ማውጫ ቁልፍም እንደገና ሊወጣ ይችላል። ቫሊዴተሩ በየዕለቱ ለመሥራት ቃላቱን አይፈልግምና በኮምፒውተሯም ላይ መገኘት የለባቸውም። በወረቀት ሁለት ቦታ ይጻፏቸው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱን ጎርፍ ያየ የድሬዳዋ ሰው ሁለቱን ወረቀቶች በአንድ ቤት አያስቀምጥም፤ ሐረር የታመነ ዘመድ ካለዎት፣ አንዱን በታሸገ ፖስታ እዚያ ያኑሩት።