ሌንስ ወይስ ዲሽ? ከሐረር ለጠየቀችው እኅታችን

ባጠራቀምሽው ገንዘብ በብርሃን የሚያይ ቴሌስኮፕ ልግዛ ወይስ ከሰማይ የሚመጣውን የሬዲዮ ሞገድ በዲሽ የሚቀበል የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ልሥራ ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱንም ድሬዳዋ ላይ ሞክሬያለሁና ያየሁትን ልንገርሽ። በገንዘቡ ባይኖኩላር ግዢ፤ ሬዲዮውን ግን ቤታችሁ ባለው ዲሽ ጀምሪው።

የእኔ የመጀመሪያ መሣሪያ የሌንሱ ስፋት 70 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ነበር። ከዚራ ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ ተክዬ የሳተርንን ቀለበት ያየሁበትን ሌሊት አልረሳውም፤ እናቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አሳይቻታለሁ። ሆኖም መቆሚያው ነፋስ በነካው ቁጥር እየተንቀጠቀጠ፣ የፈለግሁትን ኮከብ ከማግኘቴ ይጠፋብኝ ነበር። ሰማዩን በደንብ የተማርሁት በኋላ 10 በ50 ባይኖኩላር (10 ጊዜ የሚያቀርብ፣ የሌንሶቹ ስፋት 50 ሚሊሜትር የሆነ) ይዤ ወደ ደንገጎ መውጣት ስጀምር ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ስለሆንን፣ አብዛኞቹ አውሮፓውያን ከአገራቸው የማያዩት ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው የከዋክብት ክምችት በግንቦት ምሽት በደቡብ በኩል ከፍ ብሎ ይታየናል።

ሬዲዮ ምስል አይሰጥሽም፤ የሚሰጥሽ ከፍና ዝቅ የሚል መስመር ነው። ዲሽ ተካዮች የሚጠቀሙበትን፣ የሞገዱን ጥንካሬ በመርፌ የሚያሳይ ፋይንደር ተውሼ ዲሹን ወደ ባዶ ሰማይ ሳዞረው መርፌው ወረደ፤ ወደ ግንቡ ሳዞረው ወጣ፤ ፀሐይ ላይ ሳሳርፈው ዘለለ። ግንቡም ሙቀት ስላለው የሬዲዮ ሞገድ ያመነጫል፤ ባዶው ሰማይ ግን ቀዝቃዛ ነው። ያን ቀን ምንም ኮከብ ሳላይ ብውልም፣ የሰማይን ቅዝቃዜ በገዛ እጄ እንደለካሁ ተሰማኝ። (ዲሽ ፀሐይ ላይ ማዞር ይቻላል፤ በባይኖኩላር ወይም በቴሌስኮፕ ግን ፀሐይን ፈጽሞ እንዳታዪ፤ ዓይን ያጠፋል።)

እንዲያውም ሳታውቂው የሬዲዮ ሥነ ፈለክ አይተሻል። በመስቀል ሰሞን ረፋዱ ላይ የኢትዮሳት ሥርጭት ለጥቂት ደቂቃ የሚቆራረጠው ፀሐይ ከእኛ አንጻር ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ስለምታልፍና የእሷ ሞገድ የሳተላይቱን ስለሚውጠው ነው። በመጋቢት መጀመሪያም ይደገማል።

የሬዲዮ ትልቁ ድክመት ብዥታው ነው። በኅዋ ያለው የሃይድሮጂን ጋዝ በ21 ሳንቲሜትር ሞገድ ይናገራል፤ በዚያ ሞገድ 1 ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ በአንድ ጊዜ የሚያየው 15 ዲግሪ ያህል ነው፤ ሠላሳ ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር ማለት ነው። በቻይና ያለው 500 ሜትር ስፋት ያለው ፋስት የተባለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ እንኳ በዚህ ሞገድ የእኔን 70 ሚሊሜትር ሌንስ ያህል ነገር መለየት አይችልም። ደቡብ አፍሪካ ሚርካት በተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ 64 ዲሾችን እንደ አንድ ትልቅ ዲሽ ያቀናጀችው ይህን ለማሸነፍ ነው።

ታዲያ ለምን እደክምበታለሁ? በክረምት ምክንያት። የፍኖተ ሐሊብ (ፀሐያችን ያለችበት ጋላክሲ) ማዕከል በምሽት ከፍ ብሎ የሚወጣው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሐረርን ሰማይ ደመና ይሸፍነዋል። ደመናው ቢገለጥ እንኳ በመካከል ያለው የኅዋ አቧራ ከማዕከሉ የሚመጣውን ብርሃን ያስቀራል። የ21 ሳንቲሜትር ሞገድ ደመናውንም አቧራውንም አልፎ፣ ቀንም ሌሊትም ይደርስሻል። ለዚህ ከዲሹ ሌላ ለዚያ ሞገድ የተሠራ አንቴና፣ ማጉያ፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ትንሽ ተቀባይና ብዙ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ለዚያ አትቸኩዪ።

ከተማ ውስጥ የሁለቱም ጠላት ኤሌክትሪክ ነው። የመንገድ መብራት ዓይንን ይጋርዳል፤ የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ አምፖልና ባጃጅ ደግሞ ሬዲዮውን በጩኸት ይሞላሉ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሲያዝን እኔ ባይኖኩላሬንና በባትሪ የሚሠራውን ተቀባዬን ይዤ እወጣለሁ።

በመጪው መስቀል ሰሞን ለአንድ ሳምንት ረፋዱን ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ በይ፤ ሥርጭቱ የተቆረጠበትንና የተመለሰበትን ሰዓት በየቀኑ ጽፈሽ ላኪልኝ። እኔም ከድሬዳዋ እመዘግባለሁ።