ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የሕፃኑ አንጀት ሆድ ሳይከፈት መስተካከል ይችላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ወንድ ልጄ ሦስት ወሩ ነው። የመጀመሪያው ጥቁር ሰገራ የወጣለት በተወለደ በሦስተኛው ቀን ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ሆዱ ይነፋል፣ ሰገራው በራሱ አይመጣም። ናሙና ተወስዶ ሂርሽስፕሩንግ ነው ተባልን። አንዱ ሐኪም በትንንሽ ቀዳዳ ይሠራል ሲሉን ሌላው መጀመሪያ ኮሎስቶሚ (አንጀቱ በሆዱ ላይ በቀዳዳ ወጥቶ ሰገራ በዚያ እንዲወጣ) ይውጣለት አሉ። የማንን እንስማ? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው የልጅዎ ሁኔታና ሆስፒታሉ ያለው አቅም ነው።

በዚህ ሕመም የአንጀቱ የታችኛው ክፍል ግድግዳ የነርቭ ሕዋሳት የሉትም። እነዚህ ሕዋሳት በጽንስነት ጊዜ ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ ፊንጢጣ ሳይደርሱ ቀርተዋል። ነርቭ የሌለው ክፍል ተኮማትሮ ስለሚቀር ሰገራ አያሳልፍም፤ ከበላዩ ያለው ይለጠጣል። በራጅ ላይ ሰፍቶ የሚያስደነግጠው ክፍል እንግዲህ ነርቭ ያለው ነው፣ የታመመው ጠባቡ ነው። ከ5,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይከሰታል፣ በወንዶች ይበዛል።

በትንንሽ ቀዳዳ፣ ማለትም በላፓሮስኮፒ ሲሠራ አንድ ካሜራና ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን መሣሪያዎች ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር በሆኑ ቀዳዳዎች ይገባሉ። ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ ግፊቱ ግን ከአዋቂ ያነሰ መሆን አለበት፣ አለዚያ ድያፍራሙን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ ላይ ገፍቶ ትንፋሽ ያሳጥራል። ቀጥሎ ከአንጀቱ ግድግዳ ናሙና ተቆርጦ፣ ልጁ በማደንዘዣ ላይ እንዳለ ፓቶሎጂስት (ናሙና የሚመረምር ሐኪም) በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ነርቭ ያለበት ቦታ ከተረጋገጠ በኋላ ነው የታመመው ክፍል በፊንጢጣ በኩል ተጎትቶ የሚቆረጠውና ጤነኛው ወርዶ የሚሰፋው። ስፌቱ ከፊንጢጣ ጠርዝ በጣም ከቀረበ ልጁ ሰገራ መምጣቱን የሚያውቅበት ስሜት ይጎዳል፤ ነርቭ የሌለው አንጀት ከቀረ ደግሞ ድርቀቱ ይመለሳል።

ስለዚህ ከጠባሳው መጠን በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው፦ «በቀዶ ጥገናው መሃል ናሙናውን የሚያነብ ፓቶሎጂስት አለ?» ከሌለ፣ መጀመሪያ ኮሎስቶሚ አውጥቶ ናሙናውን ተረጋግቶ ማስመርመር የተሻለ ነው። አንጀቱ ከልክ በላይ ከሰፋ፣ ልጁ ከከሳ ወይም አንጀቱ ከተመረዘም እንዲሁ። ኮሎስቶሚ ኋላ ቀር ሕክምና አይደለም፤ ጊዜው ሲደርስ ይዘጋል።

እስከዚያ አንጀቱ በየቀኑ መታጠብ አለበት። አሠራሩን ነርስ ፊት ሠርተው ይማሩ። ለስላሳ ቱቦ ቅባት ተቀብቶ በፊንጢጣው በቀስታ ይገባል፤ ለብ ያለ ኖርማል ሳላይን (ለሕክምና የተዘጋጀ የጨው ውሃ) በሲሪንጅ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፣ በቱቦው ተመልሶ እስኪወጣ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይደገማል። ጠቅላላውን መጠን በክብደቱ ሐኪሙ ያዝልዎታል። የገባው ካልወጣ አይጨምሩ፤ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። በቧንቧ ውሃ በፍጹም አይጠቡ፦ ውሃው ወደ ደም ገብቶ ሶዲየምን ያወርዳል፣ ሕፃኑን ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ቅቤ ማላስም ሆነ የተልባ ውሃ ነርቭ ለሌለው አንጀት የሚሠራው ነገር የለም።

ትኩሳት፣ የተወጠረ ሆድ፣ የሚሸት ፈንድቶ የሚወጣ ተቅማጥ፣ አረንጓዴ ትውከት ወይም መፍዘዝ ካዩ እስኪነጋ አይጠብቁ። ይህ የአንጀት መመረዝ ነው፤ ይገድላል። ቀዶ ጥገናው በደንብ ተሠርቶም ሊመጣ ስለሚችል «ተሠርቶለታል» ብለው አይዘናጉ።

ከተሠራ በኋላ የቀዶ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ቴርሞሜትርም ሆነ ሌላ ነገር በፊንጢጣው አይግባ፤ ስፌቱ ይተረተራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ብዙ ጊዜ ቀጭን ሰገራ ይወጣዋል፣ መቀመጫውም ቶሎ ይላጣል። ዚንክ ኦክሳይድ ቅባት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዳይፐር በቀየሩ ቁጥር ወፍራም አድርገው ይቀቡት። ሲያጸዱ ቆሻሻውን ብቻ በውሃ ያንሱ፤ ንጹሑን ቅባት ፈግፍገው አያንሱት፣ በላዩ ይደርቡበት።