የጥልቅ ባሕር ጭቃ ብርቅዬ ንጥረ ነገሮችን ከየት አገኛቸው?

ወንድሜ፣ «ባሕር ውኃ ውስጥ ያሉት ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች እዚህ ግባ የማይባሉ ሆነው ሳለ ወለሉ ላይ ያለው ጭቃ እንዴት በለጸገ? እሳተ ገሞራ ያመጣቸው ናቸው?» ብለህ ጠይቀሃል። እንዲህ ያለ ጭቃ በቤተ ሙከራ በማጠብና በመመርመር ሥራ ላይ ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገርህ።

ዋናው ነገር የዓሣ ጥርስና አጥንት ነው።

ጭቃው ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ በጣት ሲያሹት ልስልስ ይላል። በደቃቅ ወንፊት ላይ በውኃ ስናጥበው ሸክላው ይወርድና ጥቂት ቅንጣት ይቀራል። ያንን በማይክሮስኮፕ ስታየው ሹል ሹል የሆኑ፣ ማር የመሰለ ቀለም ያላቸው ጥርሶች ታገኛለህ፤ አጠገባቸውም ጥቃቅን የማንጋኒዝ እንክብሎች አሉ። ጥርሶቹን ለይተን በአሲድ አሟሙተን ስንለካ አብዛኛው ሀብት እዚያው ይገኛል።

የሚገርመው፣ በሕይወት ያለ ዓሣ ጥርስ ውስጥ እነዚህ ንጥረ ነገሮች የሉም ማለት ይቻላል። የሚገቡት ጥርሱ ወለሉ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ጥርስ አፓታይት የሚባል የካልሲየም ፎስፌት ማዕድን ነው፤ የኒዮዲሚየምና የመሰሎቹ ብርቅዬ ንጥረ ነገሮች አዮኖች (ኤሌክትሪካዊ ሙል ያላቸው አተሞች) በመጠን ከካልሲየም ስለሚቀራረቡ ቦታውን ይወስዳሉ። ወደ ባሕሩ የሚያስገቧቸው በዋናነት ወንዝና ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ናቸው። ከዚያ በብረትና በማንጋኒዝ ኦክሳይድ ላይ ተለጥፈው ይወርዳሉ፣ ጭቃው ውስጥ ባለው ውኃ ይለቀቃሉ፣ ጥርሱም ይይዛቸዋል። እሳተ ገሞራ ካለበት ወለል የሚፈልቀው ፍል ውኃ ራሱ ብዙ አያመጣም፤ የሚተፋው ብረት ግን ዝገት ሆኖ ሲበተን ከባሕሩ ውኃ ይለቅማቸዋል።

ከብርቅዬዎቹ መካከል ሴሪየም ብቻ ለየት ይላል። ኦክሲጅን ሲያገኝ በቀላሉ ኦክሳይድ ሆኖ ማንጋኒዙ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጥርሶቹ ውስጥ ያለውን የእያንዳንዱን ብርቅዬ ንጥረ ነገር መጠን የሚያሳይ ግራፍ ስናወጣ ሴሪየም ላይ ሲደርስ ወደ ታች ይሰረጉዳል፤ የእንክብሎቹ ግን እዚያው ላይ ሽቅብ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። የበለጸገው ጭቃ ባለበት በሚሊዮን ዓመት የሚከማቸው ደለል ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ጥርሱ ቶሎ ሳይቀበር ይቆያል ማለት ነው። አህጉር አጠገብ ደለሉ ቶሎ ይሸፍነዋል። ጥልቀቱ አነስ ባለበትም የካርቦኔት ዛጎል ይበዛና ያሳሳዋል፤ በጣም ጥልቅ ቦታ ላይ ግን ዛጎሉ ይሟሟል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የበለጸገው ጭቃ በፓሲፊክ ወለል ሰፊ ቦታ ላይ መኖሩን አሳወቁ። በኋላም በጃፓኗ ሚናሚቶሪሺማ ደሴት ዙሪያ፣ ከ5,500 ሜትር በታች፣ ብርቅዬዎቹ በክብደት ከ0.5 በመቶ የሚበልጡበት ጭቃ ተገኘ። እዚያ ያለው ጥርስ የበዛበት ንብርብር ዕድሜው ወደ 34.5 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል፤ የምድር አየር ንብረት በቀዘቀዘበት ዘመን የወለሉ ወራጅ ውኃ በርትቶ ምግብ ወደ ላይ በማውጣቱ ዓሣው ሳይበዛ አልቀረም ይባላል። ለእኔ ይህ ማብራሪያ አሳማኝ ነው።

የትንተና ሠንጠረዥ እጅህ ከገባ መጀመሪያ ፎስፈረሱን እይ። ካልሲየምና ፎስፈረስ አብረው ከጨመሩ ጥርስ አለ፤ ካልሲየም ብቻውን ከበዛ ግን ዛጎል ነው፣ ብርቅዬዎቹም ዝቅ ብለው ታገኛቸዋለህ።