እርድ የኬሞን ቦታ ይተካልን?

ጥያቄ፦ እናቴ የጡት ካንሰር ታመው ኬሞ ከጀመሩ ሁለተኛ ወራቸው ነው። ጎረቤቶቻችን እርድ በወተት አፍልተን ጠዋትና ማታ እንድንሰጣቸው ስለመከሩን እኔው ከገበያ ገዝቼ አዘጋጃለሁ፤ የሚጠጡበት ስኒ ቢታጠብም ቢጫነቱ አልለቅ ብሏል። እርድ የካንሰር ህዋስን ካልሲየም አናግቶ ይገድለዋል ሲባልም ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ኬሞውን ትተን በዚህ ብንቀጥልስ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እባክዎ ኬሞውን አያቋርጡ።

የሰሙት ነገር መነሻ አለው። በህዋስ ውስጥ በነፃ የሚገኘው ካልሲየም ከህዋሱ ውጭ ካለው በ10 ሺህ እጥፍ ገደማ ያነሰ ሲሆን፣ ህዋሱ ይህን ልዩነት የሚጠብቀው ካልሲየሙን ወደ ውጭና በውስጡ ወዳለው ማከማቻ በሚገፉ ፓምፖች ነው። መጠኑ ለቅጽበት ከፍ ሲል እንደ ሁኔታው «ተከፈል»፣ «ተንቀሳቀስ» ወይም «ሙት» የሚል መልእክት ይሆናል፤ ካንሰርም ይህንኑ መንገድ ለመባዣው ይጠቀምበታል። ማከማቻው ተናግቶ ካልሲየም የህዋሱን ኃይል ማመንጫ፣ ማለትም ማይቶኮንድሪያን፣ ሲያጥለቀልቅ ግን ህዋሱ ራሱን ያጠፋል። ስኒው ላይ የቀረው ቢጫ ቀለም፣ ማለትም ኩርኩሚን፣ በቤተ ሙከራ ካልሲየሙን ወደ ማከማቻው የሚገፋውን ፓምፕ ሲያውክ ታይቷል።

ነገር ግን በቤተ ሙከራ ህዋሱ በኩርኩሚን ተነክሮ ይቀመጣል፤ ሰው ሲጠጣው ግን አንጀት የሚያሳልፈው ጥቂቱን ነው፣ ጉበትም ያንኑ ቶሎ ይለውጠዋል። ኃይለኛ ቢሆንስ? ታፕሲያ ከተባለው የሜዲትራኒያን ተክል የሚወጣው ታፕሲጋርጂን ፓምፑን በብርቱ ይዘጋዋል፤ ሆኖም ካልሲየም የሁሉም ህዋስ መልእክተኛ ስለሆነ ጤነኛውንም አይምርም፣ ተመራማሪዎችም ዕጢው ዘንድ ሲደርስ ብቻ እንዲነቃ ለማድረግ ብዙ ደክመውበታል።

ዕፅዋትን ማቃለሌ አይደለም። ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፓክሊታክሰል የተገኘው ከዛፍ ልጥ ነው፤ ልዩነቱ ተጣርቶ፣ ተለክቶና በሰው ላይ ተፈትኖ መምጣቱ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት፣ የጡት ካንሰር ባለባቸው አይጦች ምግብ ላይ የተጨመረ ኩርኩሚን ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለው የኬሞ መድኃኒት ዕጢውን እንዳያሟሽሽ ሲያግደው ታይቷል። አይጥ ሰው ባይሆንም፣ በሕክምናው መሐል ላሉ እናት ይህ ችላ የሚባል ማስጠንቀቂያ አይደለም።

አልጫው ላይ የሚጨመረው እርድ አያስጨንቅዎ። ጠዋትና ማታ የሚጠጣውን ግን ለጊዜው ያቁሙትና፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ በቀን ስንት ማንኪያ፣ ለስንት ቀን እንደጠጡ ለሐኪማቸው ይንገሩ።