ውኃው ነጭ፣ ዐለቱ ከሰል ለሆነብህ ወንድሜ

«የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ፎቶ ሳነሳ ውኃው ነጭ ብቻ ይሆናል፣ ዐለቱ ደግሞ ይጠቁራል፤ ኤዲት ሳደርግ በምን ላስታርቃቸው?» ብለህ ጠይቀሃል። ሦስት ነገር ልንገርህ።

1ኛ፦ ራው (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠውን ጥሬ ፋይል) አንሳ፤ ብርሃኑንም በውኃው እንጂ በዐለቱ አትለካ። ጥላ ውስጥ የተደበቀ ነገር በመጠኑም ቢሆን ይወጣል፤ የተቃጠለ ነጭ ግን ውስጡ ባዶ ነው። ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። በዕንቁጣጣሽ ሳምንት አንድ ሆቴል ለግድግዳው ትልቅ ፎቶ አዘዘኝና ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ገና ሳይነጋ ሄድኩ። ትኬት ቆራጩ ትራይፖዴን፣ ባለሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያዬን፣ ሲያይ «ይህ የፊልም መሣሪያ ነው፤ ደብዳቤ አምጣ» አለኝ። ወደ ከተማ ተመለስኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ነገ ና» አለችኝ። ለምኜ ማኅተም አስመትቼ ስደርስ ቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። በንዴት ላይ ችኮላ ተጨመረና በጄፔግ (ካሜራው ራሱ አቀናብሮና ጨምቆ በሚያስቀምጠው ፋይል)፣ ፊት ለፊቴ ባለው ጥቁር ዐለት ለክቼ አነሳሁ።

ማታ ላይትሩም የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍቼ ሃይላይቱን (የብሩሁን ክፍል ማስተካከያ) እስከ መጨረሻው ወደ ታች ብጎትተው ነጩ አመድ ሆነ። ሻዶውን (የጥላውን ክፍል ማስተካከያ) እስከ መጨረሻው ብከፍተው ዐለቱ ላይ ጤፍ የተበተነ መሰለ። ያም ሆኖ በራሴ ወጪ በትልቅ ሸራ አሳትሜ ወሰድኩት። የሆቴሉ ባለቤት ቆመው አዩትና «ልጄ፣ ይህ ፏፏቴ ነው ወይስ ነጠላ የተሰጣበት ገደል?» አሉኝ። ሸራው ዛሬ የእናቴ ዶሮ ቤት ጣሪያ ነው፤ ዝናብ አያስገባም።

2ኛ፦ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ደመና ሲሆን ሂድ። በሳምንቱ እንደዚያ አደረግሁ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር፤ የጠየቀኝ ሰው የለም! የሹተሩን ፍጥነት፣ ማለት ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ ሩብ ሰከንድ አደረግሁት። ለትንሽ ምንጭ ሁለት ሰከንድ ያምራል፤ 45 ሜትር ገደማ ለሚወርድ ዓባይ ግን ጥጥ ያደርገዋል፣ ቁጣውን ይወስድበታል። ፖላራይዘር የሚባለው የሌንስ ማጣሪያ ካለህ የእርጥቡን ዐለት ብልጭታ ይቀንስልሃል። ጢሱ ሌንሱን ስለሚያረጥበው በየፎቶው መሐል ጥረግ። በበጋ ውኃው ስለሚቀንስና ወደ ኃይል ማመንጫም ስለሚዞር ፏፏቴው ይሳሳል፤ ለዚያ አትልፋ።

3ኛ፦ ኤዲቱ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ሃይላይት 40 ያህል ቀነስኩ፣ ሻዶው 25 ያህል ጨመርኩ፤ የቀረውን ውኃውን ብቻ በማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል ለይቶ በሚመርጠው መሣሪያ) ለይቼ ሠራሁት። የዐለቱን ስንጥቅ ጥቁር እንደሆነ ተወው፤ ውኃው የሚያበራው ከእሱ አጠገብ ስለሆነ ነው። የክረምቱን ውኃ ቡናማ ቀለምም ነጭ ላድርገው አትበል፤ ቡናማ ያደረገው አፈሩ ነው፤ ቀለሙን ብትገፋው ደመናማው ሰማይህ ያለ ቦታው ሰማያዊ ይሆንብሃል። ጭጋግ የሚያጠፋውን፣ ዲሄዝ የሚባለውንም አትንካ። ጢሱን ካጠፋኸው ምኑን ጢስ ዓባይ ሆነ?

ባለሆቴሉ ሁለተኛውን ፎቶ ወሰዱት። የከፈሉኝ የአንዱን ዋጋ ብቻ ነው፤ ግን መግቢያው ላይ ሰቅለውታል።

ያያያዝከው ፎቶ ጄፔግ ብቻ ከሆነ አትድከምበት። ራው ካለህ ላክልኝና ልየው።