ኤፍ(5) «ኤፍ ሲባዛ በ5» ማለት ነው ወይ ለተባለው ጥያቄ
ጠያቂያችን፣ ኤፍ(ኤክስ) = 2ኤክስ + 3 ተብሎ ሲሰጥ ኤፍ(5) «ኤፍ ሲባዛ በ5» ማለት እንደሆነ ጠይቀዋል። አይደለም፤ ሆኖም ቅንፍን እስካሁን ያዩት በአብዛኛው ለማባዛት ስለሆነ ግራ መጋባትዎ የሚጠበቅ ነው። ኤፍ ቁጥር ሳይሆን «የተሰጠውን ቁጥር በ2 አባዝቶ 3 መደመር» የሚለው ደንብ ስም ሲሆን፣ በቅንፍ ውስጥ ያለው ደግሞ ለደንቡ የምንሰጠው ግብዓት ነው፤ ስለዚህ ኤፍ(5) = 2×5 + 3 = 13 ይሆናል። ውጤቱን ዋይ ብለን ሰይመን «ዋይ = 13» ብቻ ቢባል 13 ከየትኛው ቁጥር እንደመጣ አይታወቅም፤ ኤፍ(5) = 13 ግን ግብዓቱንም ውጤቱንም በአንድነት ይነግረናል።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ኤፍ(ኤክስ + 1) ላይ ነውና እዚህ ቆም ብለው ያስቡ። ኤክስ በነበረበት ቦታ ሁሉ ኤክስ + 1ን ከነቅንፉ ሲተኩ 2(ኤክስ + 1) + 3፣ ማለትም 2ኤክስ + 5 ያገኛሉ (እዚህ ከ2 ቀጥሎ ያለው ቅንፍ በእርግጥ ማባዛት ነው፣ 2 ቁጥር ነውና)። ኤፍ(ኤክስ) + 1 ግን በውጤቱ ላይ 1 መጨመር በመሆኑ 2ኤክስ + 4 ይሰጣል። በመጀመሪያ 2( ) + 3 ብለው ቅንፉን ባዶ ትተው እንዲጽፉ፣ ግብዓቱንም በኋላ እንዲሞሉ አጥብቄ እመክራለሁ።

ኤፍ(ኤክስ) = 11 ከተባለ የተሰጠው ውጤቱ ስለሆነ፣ 2ኤክስ + 3 = 11ን ፈትተው ኤክስ = 4 ያገኛሉ።