ስሜን ጽፌ ዝም ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ቡና እየጠጣን አንዲት ወጣት ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ የከርነል ፓች ሪቪው ሳደርግ ያልገባኝ መስመር ካጋጠመኝ ልለፈው ወይስ ልጠይቅ? ምንም አታውቅም እንዳልባል ፈራሁ።» ከርነል የሊነክስ እምብርት ነው፤ ፓች በኮዱ ላይ የቀረበ ለውጥ፣ ሪቪው ደግሞ ለውጡን ከመግባቱ በፊት መመርመር። «ጠይቂ» አልኳት። ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ቢሯችን ፒያሳ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣ አንድ ልጅ ለአንድ የኮምፒውተር ካርድ የሊነክስ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከከርነሉ ጋር የሚያግባባ ኮድ፣ ጻፈ። የመጀመሪያ ሥራው ነበር። እይልኝ ብሎ ሰጠኝ።

ያየሁት ቅርጹን ብቻ ነው። የከርነል ደንብ መስመር ወደ ውስጥ ስታስገቡ ታብ ተጠቀሙ፣ ስፋቱም 8 ይሁን ይላል፤ ልጁ ስፔስ ደርድሯል። ቅንፉም ቦታውን ስቷል። 11 አስተያየት ጻፍኩ። አንድም ሳያስቀር አርሞ በማግስቱ አመጣው። ፊቱ ይበራ ነበር። እኔም «ሪቪውድ ባይ» ብዬ ስሜን ጻፍኩ። በከርነል ሰዎች ዘንድ ይህ ማለት ኮዱን መርምሬ ይግባ ብያለሁ ማለት ነው። ልጁ ደስ ብሎት ማኪያቶ ጋበዘኝ። ያ ካፌ ዛሬ የለም፤ ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ሄደ። በዚያ ሳልፍ ዓይኔ አሁንም ይፈልገዋል።

ያላየሁት ስህተት ኮዱ መሃል ላይ ነበር። ኮዱ ስፒንሎክ (ሌላው እስኪለቀቅ እየተሽከረከረ የሚጠብቀው ቁልፍ) እንደያዘ፣ ሜሞሪ የሚሰጠውን ኬማሎክን «ጂኤፍፒ ከርነል» በሚባለው አማራጭ ይጠራል። ስፒንሎክ የያዘ ኮድ መተኛት፣ ማለትም ሥራውን አቁሞ ተራ መጠበቅ፣ ክልክል ነው። ይህ ጥሪ ደግሞ ሜሞሪ ሲያጥር እስኪገኝ ሊተኛ ይችላል። እኛ ጋ ሜሞሪው ሰፊ ስለነበር አንድም ቀን አልታየም። ደንበኛው ጋ ሥራ ሲበዛ ማሽኑ ሃንግ አደረገ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ሎኩ ሳይያዝ በፊት ሜሞሪውን መውሰድ።

ስብሰባ ተጠራ። «ይህን ማን ጻፈው?» ተባለ። ልጁ እጁን አወጣ። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። «እኔም አይቼ ያሳለፍኩት ነው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እሱም ስሜን አላነሳም። አንዴ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ። በሁለተኛው ወር ሥራውን ለቀቀ። በኋላ አፈላልጌው ነበር፤ ስልኩ አይሠራም።

ልጆች፣ ታቡንና ስፔሱን ቼክፓች የሚባለው ፕሮግራም ያይላችኋል። እናንተ ነገር ሲበላሽ የሚሆነውን እዩ። ኬማሎክ ሜሞሪ አጥቶ ባዶ እጁን ቢመለስስ? ኮዱን ወደ ሌላ መስመር የሚያዘልለው ጎቱ ወዴት ይወስዳል? በመንገድ ላይ የተያዘው ሁሉ ይለቀቃል? ሎክ ተይዞ ምን ይጠራል? እንዲህ ስል ቅርጽ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የተዝረከረከ ኮድ ሲመጣልኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ፈጣን ናችሁ፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ማሽን የጻፈላችሁን ሳታነቡ መላካችሁ ግን አይዋጥልኝም። ሰው ሲጠይቃችሁ ምን ልትመልሱ ነው?

በማግስቱ ለዚያች ልጅ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ያልገባትን መስመር ላከችልኝ። ደጋግሜ አየሁት፤ ለእኔም አልገባኝም። ጥያቄውን አብረን ጽፈን ሁለታችንም ስማችንን አኖርንበት። የጸሐፊውን መልስ እየጠበቅን ነው።